ስላይድን አብሮ መሥራት፣ አብሮ ማረም

ስላይድ የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ የሚቀርበው ጥቂት ጊዜ ነው። ለበጀት ስብሰባ የሚዘጋጅ ገለጻ ቁጥሩ ከሒሳብ ክፍል፣ ፎቶው ከመስክ ሠራተኛ፣ ሠንጠረዡ ከዕቅድ ክፍል ይሰበሰባል። አንዱ ያጠናቅረዋል፣ ሌላው መልክ ይሰጠዋል፣ ኃላፊው ያጸድቀዋል፤ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚያቀርበው ደግሞ ከነዚህ ሁሉ የተለየ ሰው ሊሆን ይችላል። ተመራቂ ተማሪ ጥናቱን በፈታኞች ፊት ሲከላከል የሚያሳየው ስላይድም በአማካሪው እርማትና በጓደኞቹ አስተያየት አልፎ የመጣ ነው። ይህን ያህል ሰው የሚነካው ሰነድ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታረመው በዋዜማው ሌሊት፣ አንዳንዴም አዳራሹ ውስጥ ፕሮጀክተሩ እስኪስተካከል ባለች ትርፍ ጊዜ ነው።

ስላይድ እንደ ሪፖርት አይታረምም። ሪፖርት የሚያነብ ሰው ያልገባውን አንቀጽ ይመለስበታል፣ ከግርጌ ማስታወሻው ጋር ያመሳክራል፣ ሲደክመው አስቀምጦ በማግስቱ ይቀጥላል። የስላይድ ተመልካች ይህ ዕድል የለውም፤ አቅራቢው ወደሚቀጥለው ሲሻገር ያለፈው አለፈ። በዚያ ላይ በአንድ ጊዜ ማንበብም ማዳመጥም አለበት። ገጹ በረጃጅም ዐረፍተ ነገሮች ከተሞላ ተመልካቹ ማንበብ ይጀምርና አቅራቢውን መስማት ያቆማል። ገምጋሚው ላፕቶፑን ፊቱ አድርጎ አሥር ደቂቃ የመረመረውን ገጽ ተመልካቹ የሚያየው ምናልባት ለአንድ ደቂቃ፣ ያውም ከኋላ ወንበር ሆኖ ነው። የስላይድ እርማት ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ልዩነት ነው።

እርማት ወደ መጨረሻ ሰዓት የተገፋው መሣሪያው እየቀለለ ስለመጣ ነው። ከኮምፒውተር በፊት ስላይድ ማለት በእርግጥም ፎቶግራፍ ነበር። 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በትንሽ ክፈፍ ውስጥ ይገባና ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1961 ገበያ ላይ ባዋለው ካሩሰል በተባለ ዓይነት ማሳያ ግድግዳ ላይ ይበራል። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ጽሑፉን እንደገና አዘጋጅቶ፣ እንደገና ፎቶ አንሥቶ፣ ፊልሙን አጥቦ መጠበቅ ግድ ይል ነበር። ስለዚህ ባለሙያዎችና ኃላፊዎች እርማታቸውን የሚጨርሱት ወረቀት ላይ ሳለ፣ ፊልሙ ገና ሳይነሣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ሮበርት ጋስኪንስና ዴኒስ ኦስቲን በካሊፎርኒያው ፎርቶት ኩባንያ ያዘጋጁት ፓወር ፖይንት ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር ወጣ። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ኩባንያውን በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ የዊንዶውስ ቅጂው በ1990 ተከተለ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ሰው በማንኛውም ሰዓት ማንኛውንም ገጽ መቀየር ቻለ። ለሠራተኛው ትልቅ ነጻነት ነበር። ሆኖም ቀድሞ በወጪና በጊዜ ግድ የተጠበቀው የእርማት ሥርዓት አብሮ ተበተነ፤ አሁን ሥርዓቱን የሚያቆሙት ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ስለ ኮሎምቢያ የቀረበው ስላይድ

ያልታረመ ስላይድ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ለማሳየት የአሜሪካው የጠፈር መንኮራኩር ኮሎምቢያ ታሪክ ደጋግሞ ይጠቀሳል፤ መጠቀሱም ተገቢ ነው። መንኮራኩሩ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 2003 ሲነሣ፣ ከምድር በለቀቀ በ82ኛው ሰከንድ አካባቢ ከውጭው የነዳጅ ታንክ ላይ የተላቀቀ የሙቀት መከላከያ አረፋ የግራ ክንፉን መታው። ሰባቱ ጠፈርተኞች ገና ምድርን እየዞሩ ሳሉ የቦይንግ መሐንዲሶች ጉዳቱ አስጊ መሆን አለመሆኑን መርምረው ለናሳ ኃላፊዎች በስላይድ አቀረቡ።

ከነዚያ ስላይዶች አንዱን በኋላ ኤድዋርድ ተፍቲ የተባሉት የዬል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቃል በቃል መረመሩት። በትልልቅ ፊደል የተጻፈው ርእስ ያለፉት የሙከራ መረጃዎች የሚያረጋጉ እንደሆኑ የሚያስመስል ነበር። ከርእሱ በታች ነጥቦች፣ ከነጥቦቹ በታች ንኡስ ነጥቦች፣ ከእነርሱም በታች ሌሎች ንኡሳን ነጥቦች ይደረደራሉ፤ ፊደሉም ወደ ታች በወረደ ቁጥር እያነሰ ይሄዳል። «ጉልህ» የሚል ፍቺ ያለው ቃል አምስት ጊዜ ተጽፏል፤ መጠኑ ምን ያህል እንደሆነ ግን አንድም ቦታ አልተነገረም። ከሁሉ የሚከብደው መረጃ ያለው ከገጹ ግርጌ ነው። ሙከራው የተደረገበት የአረፋ ቁራጭ 3 ኩቢክ ኢንች ሲሆን ክንፉን የመታው ግን 1,920 ኩቢክ ኢንች ሊሆን እንደሚችል ይገልጻል። ልዩነቱ 640 እጥፍ ነው። በሌላ አነጋገር ያለፈው ሙከራ ስለዚህ አደጋ ምንም ማረጋገጫ አይሰጥም ማለት ነው፤ የገጹ ርእስ ግን ለኃላፊዎቹ የሚነግራቸው ተቃራኒውን ነው።

ኮሎምቢያ ፌብሩዋሪ 1 ቀን ወደ ምድር ስትመለስ በሰማይ ላይ ተበታተነች፤ ሰባቱም ሞቱ። አደጋውን የመረመረው ቦርድ በዚያው ዓመት ባወጣው ዘገባ ዋና ጥፋቱን በአረፋው፣ ከዚያም በድርጅቱ የውሳኔ ባህልና ታሪክ ላይ አኖረ። ስላይዱን በተመለከተም አንድ ከፍተኛ ኃላፊ ይህን ገጽ አይቶ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ መሆኑን ሳይገነዘብ ቢቀር እንደማይገርም ጻፈ፤ የምሕንድስና ጽሑፍን በስላይድ የመተካት ልማዱንም ነቀፈ።

ስላይድ ለሚያርም ሰው በዚህ ውስጥ የሚበልጠው ቁም ነገር መረጃው አለመደበቁ ነው። 1,920 የሚለው ቁጥር ገጹ ላይ ነበረ። አዘጋጆቹም አላጠፉትም፤ ያጡት ከመቅረቡ በፊት «ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ሆኖ ሳለ ለምን ከታች ገባ? ርእሱስ ከዚህ ጋር ይስማማል?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ነው። በስላይድ ላይ የፊደል መጠንና የመስመር ቦታ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ትልቁ ዋና፣ ትንሹ ዝርዝር ነው ይላሉ። የገምጋሚ የመጀመሪያ ግዴታ ይህ ንግግር እውነት መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ይህን የሚያውቁ አንዳንድ ተቋማት ለከባድ ውሳኔ ስላይድን ጨርሰው ትተዋል። ጄፍ ቤዞስ እ.ኤ.አ. በ2004 በአማዞን የከፍተኛ አመራር ስብሰባዎች ፓወር ፖይንትን አስቀርተው፣ ተሰብሳቢው መጀመሪያ ዝም ብሎ የሚያነበው የስድስት ገጽ ጽሑፍ እንዲዘጋጅ ማድረጋቸው ይታወቃል።

ከሐሳብ ወደ ፊደል

ሥርዓት ያለው እርማት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ በቅድሚያ ሐሳቡ፣ ቀጥሎ ማስረጃው፣ በመጨረሻ መልኩ ይታያል። የተለመደው አካሄድ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ረቂቅ የደረሰው ሰው ዓይኑ ወዲያው የሚያርፈው በተሳሳተ ፊደል፣ በተዛባ መስመር፣ ባልወደደው ቀለም ላይ ነው፤ እነዚህን ማየት ቀላል ስለሆነ። ውጤቱም አንድ ገጽ ለሰዓታት ሲሳመር ይውልና ማምሻውን «ይህ ገጽ እኮ አያስፈልግም» ተብሎ ይወጣል።

ሐሳቡን ለመመርመር ጥሩ መንገድ ርእሶቹን ብቻ ለይቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንበብ ነው፤ ፓወር ፖይንት ውስጥ ለዚህ «አውትላይን» የሚል እይታ አለ። ርእሶቹ «መግቢያ»፣ «ዓላማ»፣ «የተገኙ ውጤቶች»፣ «ማጠቃለያ» ከሆኑ ለማንኛውም ገለጻ የሚሆኑ ናቸው፤ ስለዚህኛው ግን ምንም አይናገሩም። «በሦስት ወረዳዎች የክትባት ሽፋን ቀንሷል»፣ «ዋናው ምክንያት የማቀዝቀዣ ብልሽት ነው»፣ «ለጥገና የተጠየቀው በጀት ይህን ያህል ነው» የሚሉ ርእሶች ሲሆኑ ግን የገለጻው መንገድ በርእሶቹ ብቻ ይታያል። የጎደለ ነገር ካለም ይጋለጣል። ሁለተኛው ርእስ ከመጀመሪያው ካልተከተለ፣ ወይም መጨረሻ ላይ የሚጠየቀው ገንዘብ በመካከል ያልተነገረ ችግርን የሚመለከት ከሆነ፣ ገምጋሚው በዚህ ደረጃ ይናገር። በኋላ መናገር የሠሪውን ድካም ማባከን ነው።

ማስረጃው ላይ የሚደረገው እርማት ዘለግ ያለ ትዕግሥት ይጠይቃል። ገጽ 4 ላይ 312 የተባለው ገጽ 11 ላይ 321 ሆኖ አለመገኘቱን፣ መቶኛዎቹ ተደምረው መቶ መምጣታቸውን፣ የሠንጠረዡ መለኪያ ኩንታል ይሁን ቶን መጻፉን፣ የዘንግ መነሻው ዜሮ ይሁን ሌላ ቁጥር ማየት ያስፈልጋል። መነሻው 80 የሆነ የአሞሌ ግራፍ ጥቂት ጭማሪን እጥፍ አስመስሎ ያሳያል። ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው ቁጥሩ ከተገኘበት ምንጭ ጋር ማመሳከር የሚችል መሆን አለበት፤ ስላይዱን ብቻ አይቶ ቁጥር ማረም አይቻልም።

መልኩ በመጨረሻ ሲታይ ጥያቄው ከኋላ ወንበር ይነበባል ወይ የሚል ነው። ፕሮጀክተር በብርሃናማ አዳራሽ ቀለሞችን ያደበዝዛል፤ ላፕቶፕ ላይ የሚያምረው ግራጫ ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ሊጠፋ ይችላል። አረንጓዴና ቀይ ቀለማትን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች በየአዳራሹ ስለሚኖሩ «በአረንጓዴ የሚታየው የተሳካው፣ በቀይ የሚታየው ያልተሳካው» ብሎ መተው አይበቃም፤ ጽሑፍ ወይም ምልክት ይታከልበት።

አስተያየት አጻጻፍ

በእርማት ላይ ከሚጻፉ አስተያየቶች ሁሉ «ይስተካከል» የሚለው በብዛትም በጉዳትም የሚያህለው የለም። ምን፣ ለምን፣ እንዴት እንደሚስተካከል ስለማይናገር ሠሪው ይገምታል፤ ሲገምት ይስታል፤ ሰነዱ እንደገና «ይስተካከል» ተብሎ ይመለሳል። «ይህ ገጽ ከብዷል» የሚለውም ብዙ አይሻልም። «ይህ ገጽ ሁለት ሐሳብ ይዟል፤ የወጪው ጉዳይ ወደሚቀጥለው ቢሄድ የምርቱ ነገር ጎልቶ ይታያል» ቢባል ግን ሠሪው ችግሩንም ምክንያቱንም ያገኛል። ከመፍትሔው ባይስማማ እንኳ ሌላ ለመፈለግ መነሻ አለው።

አስተያየቶች በክብደት መለየት አለባቸው። የተሳሳተ ቁጥር ግድ ይታረማል፤ የቃል ምርጫ ሐሳብ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ጥያቄ ነው። ሦስቱ ተደባልቀው ሃምሳ አስተያየት ሲደርሰው ሠሪው ቀላሎቹን ሠርቶ ከባዱን ሊዘለው ይችላል። ስለዚህ አስተያየቱ ሲጀምር «ግድ»፣ «ሐሳብ»፣ «ጥያቄ» ብሎ ማስቀደም ትንሽ የምትመስል ግን ብዙ የምትረዳ ልማድ ናት። መነካት የሌለበትንም መናገር ይገባል፤ «ይህ ሠንጠረዥ በጣም ግልጽ ነው፣ እንዳለ ይቆይ» ካልተባለ ቀጣዩ አራሚ ሊያበላሸው ይችላል። በገጽ ቁጥር መጥቀስም ያሳስታል። ሰባተኛው ገጽ ሌላ ሰው አንድ ገጽ ሲጨምር ስምንተኛ ይሆናልና ርእሱን መጥቀስ ይበጃል።

በሥራ ቦታ ያለው የማዕረግ ልዩነት እርማትን ይጫነዋል። ጀማሪ ባለሙያ በዋና ዳይሬክተሩ ስላይድ ላይ፣ ሌሎች እያዩት፣ ስህተት አለ ብሎ መጻፍ ይከብደዋል፤ አይቶ ዝም ይላል፣ ስህተቱም አዳራሽ ይደርሳል። ይህን መስበር ያለበት ታላቁ ነው። «አስተያየት ካላችሁ» ብሎ መላክ ዝምታን ይጋብዛል። «ቁጥሮቹ ላይ ስህተት ፈልጉልኝ»፣ «የትኛው ገጽ ቢወጣ ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ ግን መናገርን የታዘዘ ሥራ ያደርገዋል። ከታች ያለውም «ይህ ቁጥር በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ካለው ጋር ቢመሳከሩት መልካም ነው፤ እዚያ 312 ይላል» ብሎ፣ አክብሮቱን ሳይጥል፣ እውነቱንም ሳያለሰልስ ማስቀመጥ ይችላል። የገለጻውን መሠረት የሚነካ ነቀፋ ሲሆን ከመጻፍ በፊት ስልክ ደውሎ ወይም ቢሮ ገብቶ መነጋገር የሰውንም ክብር፣ የሥራውንም ጊዜ ያተርፋል።

ብዙ እጅ በአንድ ፋይል

የአንድን ሰነድ ጽሑፍ በተለያየ ቦታ ያሉ ሰዎች አብረው ሲያርሙ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1968 ዳግላስ ኤንግልባርት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ባደረጉት ታዋቂ ማሳያ ነው። ነገሩን አስተማማኝ ለማድረግ ግን የስሌት ዘዴ ያስፈልግ ነበር። በ1989 ክላረንስ ኤሊስና ሳይመን ጊብስ መሠረታዊውን ዘዴ አሳተሙ።

ዘዴው በምሳሌ ይገባል። ርእሱ «ቡና ምርት» ይላል እንበል፤ ክፍተቱ ሲቆጠር ስድስት ቦታ ነው። አልማዝ ከፊቱ «የጅማ» ብላ ክፍተት ትጨምራለች። በዚያው ቅጽበት በቀለ በራሱ ኮምፒውተር ከ4ኛ እስከ 6ኛ ያለውን «ምርት» ወደ «ሽያጭ» ይለውጣል። የበቀለ ትእዛዝ እንዳለ ወደ አልማዝ ፋይል ቢደርስ 4ኛው እስከ 6ኛው አሁን ክፍተቱና «ቡና» ስለሆኑ ርእሱ «የጅማሽያጭ ምርት» ይሆን ነበር። ፕሮግራሙ ግን አልማዝ አራት ቦታ መጨመሯን አይቶ የበቀለን ትእዛዝ ከ8ኛ እስከ 10ኛ ያዛውረዋል፤ በሁለቱም ስክሪን «የጅማ ቡና ሽያጭ» ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው የጉግል ስላይድ ማዘጋጃ፣ ከ2010 ቅጂው ጀምሮ አብሮ መሥራትን የፈቀደው ፓወር ፖይንትም ብዙ ሰው በአንድ ፋይል ላይ እንዲሠራ ያስችላሉ።

ማሽኑ ያስታረቀው ግን ፊደሉን ነው። ከርእሱ በታች ያለው ግራፍ የምርት እንጂ የሽያጭ ካልሆነ አልማዝና በቀለ ያለ አንዳች የስህተት ምልክት የተሳሳተ ገጽ ሠርተዋል። አብሮ መጻፍ በተመቸ መጠን አስቀድሞ ሥራ መከፋፈል የበለጠ ያስፈልጋል፤ ማን የትኛውን ክፍል እንደሚጽፍ፣ ቁጥር መቀየር ያለበት ማን እንደሆነ፣ የመጨረሻው ውሳኔ የማን እንደሆነ። የስላይድ ማስተር የሚባለው፣ የሁሉንም ገጾች ፎንትና ቀለም የሚወስነው ክፍል፣ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ይሁን፤ እዚያ የተደረገ ለውጥ ሁሉንም ገጽ ይነካል።

የመግቢያ ፈቃድም ለዚህ ይረዳል። ፋይል ሲጋራ አንዱን እንዲያይ ብቻ፣ ሌላውን አስተያየት እንዲጽፍ፣ ሌላውን እንዲያርም መፍቀድ ይቻላል። ለአብዛኛው ገምጋሚ አስተያየት መጻፍ ይበቃዋል። በዎርድ ሰነድ ላይ የተሰረዘው በቀይ፣ የተጨመረው በመስመር እንደሚታየው ያለ የለውጥ መከታተያ በፓወር ፖይንት የለም፤ ሁሉም እንዲያርም ከተፈቀደለት ማን ምን እንደቀየረ ለማወቅ የቀድሞ ቅጂዎችን ታሪክ ከፍቶ ማወዳደር ይጠይቃል። ሁለት ቅጂዎች ከተለያዩ ደግሞ «ሪቪው» በሚለው ረድፍ ውስጥ ያለው «ኮምፔር» የሚል ትእዛዝ ልዩነታቸውን አውጥቶ አንድ በአንድ ለመቀበል ወይም ለመተው ያስችላል።

ኔት በማይታመንበት ቦታ ሥራው በፍላሽና በቴሌግራም ይዞራል። ያኔ አደጋው አራት ሰው አራት ቅጂ ማረሙ፣ የፋይሉም ስም «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የመጨረሻ» እያለ መሄዱ ነው። መፍትሔው ያረጀ ግን የማይከሽፍ ነው፤ አንድ ሰው የፋይሉ ያዥ ይሆናል፣ ሌሎቹ እርማታቸውን ለእርሱ ይልካሉ፣ ዋናው ፋይል ላይ የሚጽፈው እርሱ ብቻ ነው። ስሙም ቀንና ተራ ቁጥር ይይዛል። በጂሜይል ከ25 ሜጋ ባይት በላይ ማያያዝ ስለማይቻል ፎቶዎቹን ቀድሞ ማሳነስ ብዙ ጣጣ ያቃልላል።

የአማርኛ ስላይድ ሲዘዋወር

አማርኛ ስላይድ ከላፕቶፕ ወደ ላፕቶፕ ሲሄድ የራሱ ችግር አለው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩትና እስከ ዛሬም በየቢሮው የሚያገለግሉት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዡዋል ግዕዝ ያሉት የቀድሞ ፎንቶች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት የኮድ ቦታ ላይ አስቀምጠው ይሠሩ ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። ገምጋሚው ማንበብ አይችልም፤ ማንበብ ቢችል እንኳ ቃል ፈልጎ ማግኘት አይችልም። ስለዚህ በጋራ የሚሠራ የአማርኛ ስላይድ ከመጀመሪያው በዩኒኮድ ይጻፍ። ኒያላ፣ አቢሲኒካ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የመሰሉ ፎንቶች ለዚህ ይሆናሉ፤ ሁሉም ተባባሪዎች አንዱን መርጠው ቢጭኑት ይበጃል። የዊንዶውስ ፓወር ፖይንት ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አብሮ የማስቀመጥ አማራጭም አለው። እዚያ ላይ ጥቅም ላይ የዋሉትን ፊደላት ብቻ የሚለው ለማሳየት ሲበቃ፣ ሌላ ሰው የሚያርመው ከሆነ ሁሉንም ፊደላት የሚለው መመረጥ አለበት፤ አለዚያ አራሚው አዲስ ፊደል ሲጽፍ ፎንቱ ይጎድለዋል።

መስመሩ በፎንት ለውጥ ስለሚዘረጋ ጽሑፉ ከሣጥኑ ይወጣል፤ ፎንት ከተቀየረ እያንዳንዱ ገጽ እንደገና መታየት አለበት። መጠንም ያሳስባል። ነ እና ኑን፣ ሰ እና ሱን የሚለየው ትንሽ ቅጥያ ናት፤ ፊደሉ ካነሰ ከሩቅ ይመሳሰላሉ።

ቀንና ሰዓት ሌላው ወጥመድ ነው። አዲስ አበባና ዋሽንግተን ያሉ የአንድ ማኅበር አባላት አብረው ስላይድ ሲሠሩ «የ2015 በጀት ዓመት» የሚለው አንዱ ጋ የቅርብ ዓመታት፣ ሌላው ጋ ያረጀ መረጃ ሊመስል ይችላል። ያ የኢትዮጵያ በጀት ዓመት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 8 ቀን 2022 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2023 ያለው ነው። የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በየገጹ መጻፍ አሰልቺ ቢመስልም ሊዘለል አይገባም። «እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አስተያየታችሁን ላኩ» የሚለውም በማን ምሽት፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተነገረ ግማሹ ሰው ይዘገያል፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል እንደ ወቅቱ የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት አለ። በሁለት ቋንቋ የሚቀርብ ገለጻ ከሆነ ደግሞ አማርኛው ሲታረም እንግሊዝኛው አብሮ መታረሙን የሚከታተል አንድ ሰው ይመደብ። ቁጥር በአንዱ ተቀይሮ በሌላው ቀርቶ የሚያሳፍረው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ከመድረክ በፊትና በኋላ

የመጨረሻው እርማት በጆሮ የሚደረገው ነው። አቅራቢው ሰዓት ተይዞለት ጮክ ብሎ ያቀርባል፤ አብረው የሠሩት እንደ ተመልካች ተቀምጠው ያያሉ። በጽሑፍ ሲታይ ያልታወቀው ሁሉ እዚህ ይወጣል፤ አቅራቢው ሁልጊዜ የሚዘልለው ገጽ፣ ለማስረዳት አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ግራፍ፣ ከስላይዱ የሚለይ የቃል ቁጥር። ከዚህ ልምምድ በኋላ የሚገኘው ስህተት ይታረምና ፋይሉ ይዘጋል። መዘጊያ ሰዓት ያልተቆረጠለት ስላይድ አቅራቢው ወደ መድረክ እየወጣም ሊቀየር ይችላል፤ የማያውቀው ገጽ ፊቱ ድቅን የሚልበት አቅራቢ የሚደነግጠው በራሱ ጥፋት አይደለም።

ፋይሉ ከቡድኑ ወጥቶ ለውጭ ሰው ከመሰጠቱ በፊት ውስጡ መጽዳት አለበት። የገምጋሚዎች አስተያየት፣ የተደበቁ ገጾች፣ ለአቅራቢው የተጻፉ ማስታወሻዎች አብረው ይሄዳሉ። በጉግል ስላይድ ማየት ብቻ የተፈቀደለት ሰውም የአቅራቢውን ማስታወሻ ማንበብ ይችላል። ከኤክሴል የተለጠፈ ግራፍ ሙሉውን የሥራ ደብተር፣ የደመወዝ ሠንጠረዥ ካለበትም እርሱን ጭምር፣ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ጠርዙ የተቆረጠ ፎቶም የተቆረጠው ክፍል እንዲጠፋ ካልታዘዘ በፋይሉ ውስጥ ይቆያል፤ በታካሚዎች ወይም በሕፃናት ፎቶ ላይ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ፓወር ፖይንት ከእነዚህ አንዳንዶቹን የሚፈትሽ የሰነድ መመርመሪያ አለው። ለመታየት ብቻ የሚሰጥን ፋይል በፒዲኤፍ መስጠት የበለጠ ያስተማምናል።

ገለጻው ካለቀ በኋላ ተሰብሳቢው የጠየቀውና ያረመው ነገር ሳይረሳ በዋናው ፋይል ላይ ይመዘገባል፤ የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ገለጻ የሚነሣው ከዚህ ፋይል ነውና። የቀረበው ቅጂ በቀኑና በስብሰባው ስም ለብቻ ይቀመጣል፤ ውሳኔ የተሰጠው በየትኛው ቁጥር ላይ ተመሥርቶ እንደሆነ በኋላ ሲጠየቅ ማሳያው እርሱ ነው። ሊንኩን ያገኘ ሁሉ እንዲያርም ተፈቅዶ የነበረ ከሆነም ፋይሉን የያዘው ሰው ፈቃዱን ወደ ማየት ብቻ ይመልሰዋል፣ ከቡድኑ የወጡትንም ስም ከዝርዝሩ ያነሣል።